ቀብዱ ይቆይ፣ ባትሪው ይታይ

በጣና ሐይቅ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ፣ በቁንዝላ አካባቢ፣ የሐይቁ ውሃ ከፊሉ ዓባይን ትቶ መሬት ውስጥ ይገባል። 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በዋሻ ይጓዛል፤ ከ300 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ አራት ተርባይኖችን አዙሮም ከበለስ ወንዝ ጋር ይቀላቀላል። በግንቦት 2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ በዚህ መንገድ እስከ 460 ሜጋ ዋት ያመነጫል። ቁንዝላ ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ የሚሄደው ጀልባ የሚያርፍባት ከተማ ናት። ዛሬ የከተማዋ ነጋዴ «መኪና ልግዛ» ብሎ ሲነሳ፣ ከሰፈሩ የሚነሳው ውሃ በሚሰጠው ኃይል የሚነዳ መኪና ከምርጫዎቹ አንዱ ሆኖ ይጠብቀዋል።

በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቁ። ምክንያቱ የውጭ ምንዛሬ ነው። አገሪቱ ለነዳጅ በዓመት የምታወጣው ወደ 6 ቢሊዮን ዶላር እንደሚጠጋ፣ ከግማሽ በላዩም በተሽከርካሪዎች እንደሚቃጠል በወቅቱ ተነግሯል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2014 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ መኪኖች ከተጨማሪ እሴት፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ ተደርገዋል፤ ተገጣጥመው የሚገቡት 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ እንዲከፍሉ ተወስኗል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ደግሞ ባረጀ የነዳጅ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጥሎ ነበር። በአንድ በኩል በሩ ሲዘጋ በሌላው በኩል ተከፈተ፤ ቢዋይዲ፣ ቮልስዋገን አይዲ 4፣ ቻንጋንና ሌሎችም ጎዳናውን ሞሉት። መንግሥት አገር ውስጥ ያሉት ኤሌክትሪክ መኪኖች ከ100 ሺህ በላይ መሆናቸውን ገልጿል።

ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. መጣ። የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አዲሱ ኤሌክትሪክ መኪና ከብዙ ሰው አቅም በላይ ሆነ። ያኔ ደላሎች ሌላ ሸቀጥ ያዙ፤ ሁለትና ሦስት ዓመት የተነዳ፣ የመጀመሪያ ባለቤቱ የሚሸጠው ኤሌክትሪክ መኪና።

ይህን መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው የነዳጅ መኪና ሲገዛ የለመደውን ምርመራ ይዞ ይሄዳል። ሞተሩን አስነስቶ ድምፅ ያዳምጣል፣ ጭስ ያያል፣ ዘይት ይፈትሻል። ኤሌክትሪክ መኪና ግን ድምፅም ጭስም የለውም፤ የሞተር ዘይትም አይቀየርለትም። ከዋጋው ትልቁን ድርሻ የያዘው ባትሪ ደግሞ ከወለሉ ሥር ተሸፍኖ ተቀምጧል። ስለዚህ ገዢው የሚገዛው በዋናነት ሁለት ነገር ነው፤ የቀረውን የባትሪ አቅምና ሌሊት ቻርጅ የሚያደርግበትን ቦታ። ቀለሙ፣ ወንበሩና ትልቁ ስክሪን ከእነዚህ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

ባትሪው ስንት ቀረው?

እያንዳንዱ ባትሪ ከዕድሜና ከአጠቃቀም ጋር አቅሙ ይቀንሳል። በዓለም ላይ በሺዎች ከሚቆጠሩ መኪኖች የተሰበሰበ መረጃ እንደሚያሳየው ቅናሹ በአማካይ በዓመት 2 በመቶ አካባቢ ነው። ብዙ አምራቾችም ባትሪው በ8 ዓመት ወይም በ160 ሺህ ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ70 በመቶ በታች ከወረደ እንጠግናለን ወይም እንቀይራለን ብለው ዋስትና ይሰጣሉ። በአማካይ ሲታይ የሦስት ዓመት መኪና ከ90 በመቶ በላይ አቅም ሊኖረው ይገባል ማለት ነው። ነገር ግን ማንም ሰው አማካይ መኪና አይገዛም፤ የሚገዛው አንድ የተወሰነ መኪና ነው። በየዕለቱ በፈጣን ቻርጀር ሲሞላ የኖረ፣ ባዶ እስኪሆን የተነዳ ወይም ለወራት መቶ በመቶ ሞልቶ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ከአማካዩ ሊያንስ ይችላል።

ሙቀት የባትሪ ጠላት ነው። ኒሳን ሊፍ የተባለው መኪና እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ገበያ ሲወጣ ባትሪውን በፈሳሽ የሚያቀዘቅዝ ሥርዓት አልነበረውም፤ በአሜሪካዋ አሪዞና ሙቀት የሠሩት መኪኖች አቅማቸው በጥቂት ዓመት ውስጥ ጎልቶ ወረደ። በዚህ በኩል የጣና ዳርቻ ዕድለኛ ነው። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,786 ሜትር ላይ ነው፤ የባሕር ዳር አየርም ባትሪን የሚያቃጥል ሙቀት ወይም የሚያደነዝዝ ብርድ የለበትም። ሆኖም ገዢው መኪናው ከዚህ በፊት የት እንደሠራ መጠየቅ አለበት። አዲስ አበባ የከረመና ሰመራ ወይም ድሬዳዋ የከረመ መኪና፣ ኪሎ ሜትራቸው እኩል ቢሆንም፣ ባትሪያቸው እኩል ላይሆን ይችላል።

የባትሪውን ጤና ለማወቅ አስተማማኙ መንገድ የመኪናውን ኮምፒውተር በዲያግኖስቲክ ማሽን ማስነበብ ነው። ማሽኑ የጤናውን መጠን በመቶኛ ያወጣል፤ በባትሪው ውስጥ ካሉት ብዙ ሴሎች የደካማውንና የጠንካራውን ቮልቴጅም ጎን ለጎን ያሳያል። መኪናው በቆመበት ልዩነቱ በአሥር የሚቆጠር ሚሊቮልት ከሆነ አያስደነግጥም፤ በመቶ የሚቆጠር ከሆነ ግን አንዱ ክፍል እየደከመ ነውና ግዢው ይቆይ።

ማሽን ከሌለ በዳሽቦርዱና በእርሳስ መገመት ይቻላል። መኪናው ሲሠራ ባትሪው 60 ኪሎዋት ሰዓት ነበር እንበል። ሻጩ መቶ በመቶ ሞልቶ ያምጣው። ገዢው የጉዞ መቁጠሪያውን ዜሮ አድርጎ ይነዳል። ባትሪው 80 በመቶ ሲደርስ መኪናው 70 ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ አማካይ ፍጆታው በ100 ኪሎ ሜትር 15 ኪሎዋት ሰዓት ነው ብሎ ካሳየ፣ የተበላው 10.5 ኪሎዋት ሰዓት ነው። 20 በመቶው 10.5 ከሆነ ሙሉው 52.5 ይሆናል፤ ከ60ው ሲሰላ ወደ 87 በመቶ ይመጣል። ያው መኪና በዚያው ፍጆታ በ20 በመቶው 50 ኪሎ ሜትር ብቻ ከሄደ ግን ሙሉ አቅሙ 37.5 ነው፤ ይህ 62 በመቶ ገደማ ስለሆነ ዋጋው ምንም ያህል ቢያጓጓ ትቶ መሄድ ነው። ሙከራው በረዘመ ቁጥር ግምቱ ይጠራል፤ እስከ 50 በመቶ ቢነዳ ደግሞ የተሻለ ነው።

ባትሪ ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑንም ማወቅ ይጠቅማል። ቢዋይዲ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የሚጠቀምበት «ብሌድ» ባትሪ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ነው፤ ብዙ ጊዜ መሞላትን ይችላል፣ አልፎ አልፎም መቶ በመቶ መሞላቱ ኮምፒውተሩ መጠኑን በትክክል እንዲቆጥር ይረዳል። አይዲ 4 በአብዛኛው የሚጠቀመው የኒኬል፣ የማንጋኒዝና የኮባልት ባትሪ ግን ለዕለት ተዕለት 80 በመቶ ላይ ቢቆም ዕድሜው ይረዝማል። ሻጩ «ሁልጊዜ ፉል ነው የማደርገው» ሲል ለአንዱ ጥሩ ዜና ነው፤ ለሌላው ጥሩ ዜና አይደለም።

ዜሮ ኪሎ ሜትር እና ትልቁ ቁጥር

ከቻይና «ያገለገለ» ተብለው ተመዝግበው፣ በተግባር ግን ሳይነዱ የሚላኩ መኪኖች እንዳሉ ይታወቃል። እዚያ ለአንድ ገዢ እንደተሸጡ ተደርገው ይመዘገቡና ዜሮ ኪሎ ሜትር ይዘው ወደ ውጭ ይወጣሉ። እንዲህ ያለ መኪና አዲስ ቢመስልም ዋስትናው መቆጠር የጀመረው ገና ቻይና ሳለ ሊሆን ይችላል፤ ለቻይና ገበያ የተሰጠ ዋስትናም ብዙ ጊዜ ከዚያ አገር ውጭ አይሠራም። «ዋስትና አለው» የሚል ሻጭ በማን፣ የትና በየትኛው ወረቀት እንደሚፈጸም ይጠየቅ።

መኪናው የተሠራበትን ዘመን ሻንሲው ራሱ ይናገራል። የሻንሲ ቁጥሩ 17 ፊደላትና አኃዞች አሉት፤ ቻይና የተሠሩት በኤል ይጀምራሉ። ከግራ አሥረኛው ምልክት የሞዴሉን ዓመት ያሳያል፤ ኤም 2021፣ ኤን 2022፣ ፒ 2023፣ አር 2024 ነው። ቁጥሩ በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሆነ ደላላው የሚለው ዓመት በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ማጣራት የሰባትና የስምንት ዓመት ግራ መጋባትን ያስቀራል።

ሌላው የሚያሳስተው ቁጥር በአንድ ቻርጅ የሚሄደው ርቀት ነው። ቻይና የምትለካበት ዘዴ ከአውሮፓው የላላ ነው። ለምሳሌ 30 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ያለው የቢዋይዲ ሲጋል በቻይና 305 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ተብሎ ይሸጣል፤ ይህ መኪና ተሻሽሎ በሌላ ስም አውሮፓ ሲገባ፣ ያንኑ የሚያህል ባትሪ ይዞ፣ የተጻፈለት 220 ኪሎ ሜትር ነው። ባትሪው አሥር በመቶ አቅሙን ካጣ፣ ሰዎችና ዕቃ ከተጫኑበት፣ መንገዱም ጠጠርና አቀበት ከሆነ ቁጥሩ ከዚህም ይወርዳል። ከቻይናው ቁጥር ሲሶውን ቀንሶ ማሰብ ለጀማሪ አይከፋም።

ቆጣሪው ይችላል?

ባሕር ዳርም ሆነ ቁንዝላ ለሚኖር ሰው ዋናው ማደያ የራሱ ግቢ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. በቴሌብር የሚከፈልባቸው ፈጣን የቻርጅ ማዕከሎችን ከፍቷል፤ በክልል ከተሞች ያለ ገዢ ግን በአደባባይ ቻርጀር ላይ ተማምኖ መኪና መግዛት የለበትም።

ተራ የግድግዳ ሶኬት የሚሰጠው ወደ 2.2 ኪሎዋት ነው። 45 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ያለውን መኪና ከ20 እስከ 80 በመቶ ለመሙላት 13 ወይም 14 ሰዓት ይፈጃል። 7 ኪሎዋት የሚሰጠው የግድግዳ ቻርጀር ይህንኑ በአራት ሰዓት ገደማ ይጨርሳል፤ ነገር ግን 32 አምፔር ይስባል። የእንጀራ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ስለሚፈልግ፣ ይህ ሁለት ምጣድ ባንድ ጊዜ ለሰዓታት ጥዶ እንደመተው ነው። ከጎረቤት ቆጣሪ በተቀጠለ መስመር፣ በቀጭን ሽቦና ምድር መስመር በሌለው ሶኬት ይህን መሞከር ቤት ያቃጥላል። መኪናው ከመገዛቱ በፊት ኤሌክትሪሺያን ጠርቶ ሽቦውን፣ ብሬከሩንና ግራውንዱን ማስፈተሽ፣ ቆጣሪው ካልቻለም የመብራት አገልግሎቱን ጠይቆ አቅሙን ማሳደግ ያስፈልጋል። ክረምት ላይ መብረቅ በሚበዛበት በጣና ዙሪያ የቮልቴጅ መከላከያ ማስገጠምም ተገቢ ነው።

ወጪው ሲነጻጸር ግን ነገሩ ለምን እንደሚያጓጓ ይገባል። የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ከ100 ብር አልፏል። በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር የምትጠጣ መኪና በዚያ ዋጋ ከ800 ብር በላይ ትፈልጋለች። የመብራት ታሪፍም ከመስከረም 2017 ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኗል። እንደዚያም ሆኖ አንድ ኪሎዋት ሰዓት 8 ብር ቢሆን፣ 16 ኪሎዋት ሰዓት የሚበላ መኪና ለዚያው ርቀት 128 ብር ይበቃዋል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ነዳጅ እንደሚዘገይና የማደያ ሰልፍ ምን እንደሚመስል ለባሕር ዳር ነዋሪ ማስረዳት አያስፈልግም። መብራትም እንደሚጠፋ አይረሳም፤ ስለዚህ ልምድ ያላቸው ባለቤቶች ባትሪው እስኪያልቅ ሳይጠብቁ መብራት ባለ ጊዜ ሁሉ ይሞላሉ።

ዓባይ በረሃ

ኤሌክትሪክ መኪና ለከተማ ይመቻል። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ የአንድ ነዋሪ የቀን ጉዞ ያረጀ ባትሪም አይከብደውም። 180 ኪሎ ሜትር የሚርቀው ጎንደር ግን መድረሻው ላይ ቻርጅ ማድረጊያ መኖሩን አስቀድሞ ደውሎ ማረጋገጥ የሚጠይቅ ጉዞ ነው።

አዲስ አበባ ሌላ ነገር ነው። ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ያለው መንገድ መሐል ላይ የዓባይ በረሃ አለ። ከዓባይ ድልድይ እስከ ጎሐ ጽዮን ያለው አቀበት 1,400 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ይህን ለመውጣት፣ ከተለመደው የመንገድ ፍጆታ በላይ፣ ስምንት ወይም ዘጠኝ ኪሎዋት ሰዓት ያወጣል። ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ ሆኖም ባትሪው ሙሉ ከሆነ የሚቀበልበት ቦታ የለውምና ነጂው በፍሬን ብቻ ይወርዳል። ስለዚህ ከባሕር ዳር ሲመጡ ቁልቁለቱ ከሚጀምርባት ከደጀን ባትሪውን መቶ በመቶ ሞልቶ መነሳት ብልህነት አይደለም። አዲስ አበባ የተገዛን መኪና ወደ ባሕር ዳር ለማምጣት ደብረ ማርቆስ ላይ የተረጋገጠ ቻርጀር ከሌለ፣ በጭነት መኪና አስጭኖ ማምጣት ከመንገድ ዳር ማደር ይሻላል።

ጠጠርና ኮረኮንች መንገድ ላይ የሚሠራ መኪና ሲገዛ ሥሩን ማየት ግዴታ ነው። መኪናው በሊፍት ይነሳ፤ የባትሪው ሽፋን የተሰረጎደ፣ የተበሳ ወይም ዳግም የተበየደ ከሆነ ድርድሩ እዚያው ያብቃ። ብርቱካንማ ቀለም ያላቸው ኬብሎች ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያልፍባቸው ናቸው፤ በፕላስተር የተጠቀለለ ብርቱካንማ ኬብል የታየበት መኪና ወይ ተጋጭቷል ወይ ያልሠለጠነ እጅ ገብቶበታል። ጎማውም ይታይ፤ እነዚህ መኪኖች ከባድና ፈጣን ስለሆኑ ጎማ ቶሎ ይበላሉ። ከዋናው ባትሪ ሌላ እንደማንኛውም መኪና ትንሽ 12 ቮልት ባትሪ አላቸው፤ እሱ ሲደክም ዋናው ሙሉ ቢሆንም መኪናው አይነሳም። ብዙ ጀማሪ «መኪናው ሞተ» ብሎ የሚደነግጠው በዚች ትንሽ ባትሪ ነው።

ቻርጅ መሰኪያውም ይፈተን። ለቻይና ገበያ የተሠሩት መኪኖች የቻይናን መሰኪያ ይጠቀማሉ፤ ለአውሮፓ የተሠሩት ሌላ ነው፤ አንዱ የሌላውን ቻርጀር በቀጥታ አይቀበልም። መኪናው በገዢው ፊት በሶኬትም፣ ከተቻለ በፈጣን ቻርጀርም ተሰክቶ ሲሞላ ይታይ። ስክሪኑ በቻይንኛ የቀረ ወይም በቀድሞው ባለቤት አካውንት የተቆለፈ መኪናም አለ፤ አካውንቱ ሳይለቀቅ ገንዘብ አይለቀቅ።

ሊብሬና ውል

ወረቀቱ ከነዳጅ መኪና ብዙም አይለይም። በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥር ከመኪናው ጋር ይመሳከር፤ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ይታይ፤ ዕዳና እግድ እንደሌለበት መኪናው ከተመዘገበበት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ይረጋገጥ። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዞርለትም። «በውክልና ይዘህ ንዳው፣ ስሙ በኋላ ይዞራል» የሚል ደላላ ካጋጠመ ስንብት ነው።

ለኤሌክትሪክ መኪና የሚጨመር አንድ ነገር ቢኖር የባትሪው ጤና በውሉ ላይ መጻፉ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት መሆኑን እንዲያረጋግጥ ያስገድደዋል፤ ገዢውም ዕቃውን መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ሳይዘገይ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። በማሽን የተነበበው መቶኛ፣ የተነበበበት ቀንና የኪሎ ሜትሩ መጠን ውል ውስጥ ከገቡ፣ በኋላ የሚነሳ ክርክር በወሬ ሳይሆን በጽሑፍ ይዳኛል።

እንግዲህ ማን ይግዛ? የራሱ ግቢና ቆጣሪ ያለው፣ በቀን ከ100 ኪሎ ሜትር በታች የሚነዳ፣ ባትሪው ከ85 በመቶ ያላነሰ መኪና ያገኘ የባሕር ዳር ነዋሪ ቢገዛ አይጸጸትም። የቁንዝላ ነጋዴም ባሕር ዳር ደርሶ የሚመለስበትን ርቀት ለክቶ፣ መኪናው ካለው እውነተኛ አቅም ሲሶው ተርፎ የሚያደርሰው ከሆነ ይግዛ። በኪራይ ቤት በጋራ ቆጣሪ የሚኖር፣ ወይም በየወሩ አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው ግን የነዳጅ መኪናውን ለጊዜው ባይሸጥ ይመረጣል። ለመግዛት የቆረጠ አንባቢ ቅደም ተከተሉን አይሳት፤ መጀመሪያ ኤሌክትሪሺያን ወደ ቤት፣ ቀጥሎ መኪናው ወደ ዲያግኖስቲክ ማሽን፣ ከዚያ ሰነዱ ወደ ውልና ማስረጃ፣ ቀብዱ ከሁሉም በኋላ።